የላስታዋ ድመትና የግቢያችን ሳቅ

ከላሊበላ የመስክ ሥራ ከተመለስን ወዲህ በግቢያችን አንድ ሳቅ ይዞራል። በምግብ አዳራሹ ሰልፍ፣ በመጻሕፍት ቤቱ ደጃፍ፣ በመኝታ ቤቱ መተላለፊያ ላይ ከእኛ አንዱን ያየ ሁሉ «ውሮ! ውሮ!» እያለ ይጣራል። ምክንያቱን ያልሰማ አንባቢ ቢኖር እነሆ እንንገረው፤ ስድስት ሆነን ለጥናት ወደ ላስታ በሄድንበት ጊዜ አራት ሌሊት ሙሉ የጠፋች ድመት ስንፈልግ አምሽተናል። ሳቁ ራሱ አያስከፋንም፤ ተማሪ በተማሪ ካልሳቀ በማን ይሳቅ? ነገር ግን ሳቁን ተከትሎ የሚመጣው ክርክር የሚያሳስብ ሆኖ አገኘነው። ክርክሩ ስለ ድመት ብቻ አይደለምና በዚህች በማኅበራችን መጽሔት ላይ መልስ ልንሰጥበት ፈለግን።

በመጀመሪያ ነገሩ እንዴት እንደ ነበረ ባጭሩ እንናገር። በላሊበላ ከተማ ከአንዲት እናት ሁለት ክፍል ተከራይተን ነበር። ወቅቱ መኸር የሚሰበሰብበትና እህል ከአውድማ ወደ ቤት የሚገባበት ነው፤ አይጥም እህሉን ተከትላ ትገባለች። በሁለተኛው ሳምንት የመጠይቅ ወረቀቶቻችን ጠርዛቸው ተቀርጥፎ፣ የሽሮ ከረጢታችንም ተቀዶ አገኘነው። አከራያችን ይህን ባዩ ጊዜ በገጠር ለሚኖሩ እኅታቸው ላኩባቸውና እኅትዬው ቅዳሜ ለገበያ ሲመጡ አንዲት ድመት በቅርጫት ይዘውልን መጡ። «ልጆቼ፣ እስክትሄዱ ድረስ ትጠብቃችሁ፤ ስትሄዱ ግን የእኅቴ ናትና መልሱልኝ» አሉን አከራያችን። ድመቲቱ ሦስት ሌሊት አደረች፤ አይጡም ጸጥ አለ። በአራተኛው ሌሊት ነፋስ በሩን ገርበብ ሲያደርገው ወጥታ ሄደች። እንግዲህ በዚያን ጊዜ እኛም ከቤታችን ርቀን፣ እርሷም ከቤቷ ርቃ ነበር ማለት ነው።

በእኛ ላይ የሚሳቀው በሦስት መንገድ ነው። አንደኛው ወገን «ሰው በተቸገረበት አገር ድመት መፈለግ ቅንጦት ነው» ይላል። ሁለተኛው «ድመት ጠፍታ አትቀርም፤ ሲርባት ትመጣለች» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ «ሌላ ድመት ፈልጋችሁ ብትተኩላቸው ይበቃ ነበር» ይላል። ሦስቱንም በየተራ እንመልከት።

የመጀመሪያው ክርክር ከባድ ነው፤ የሚናገሩትም ብዙዎቹ በቅን ልቡና ነው የሚናገሩት። ወሎ የሚለው ስም ለኢትዮጵያ ተማሪ ተራ ስም አይደለም። በ1965 ዓ.ም. የዚያን ጊዜው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቬርሲቲ መምህራን ወደ ወሎ ሄደው የረኃቡን ፎቶግራፍ ይዘው በመጡ ጊዜ፣ ተሸሽጎ የነበረው እልቂት በግቢው ውስጥ በግልጽ ታየ፤ ተማሪውም ተነሣ። በ1977 ዓ.ም. ያው ምድር እንደገና ተራበ። እንዲህ ያለውን ታሪክ የሚያስታውስ ሰው በዚያ አገር «ውሮ» እያሉ ሲጣሩ ማምሸት ያሳፍራል ቢለን አንፈርድበትም። የምንለው ግን ድመቲቱን ያለ ቦታዋ አስቀምጧታል ነው። እርሱ በዓይነ ኅሊናው የሚያያት በሐር ትራስ ላይ ተኝታ በሥዕል የምትታየውን የባለጸጋ ድመት ነው። የላስታ ገበሬ ድመት ግን ባለ ሥራ ናት።

ላስታ ደጋ አገር ነው። ላሊበላ ራሷ ያለችው 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ሲሆን ከበላይዋ የሚታየው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,200 ሜትር ያልፋል። ገደሉ ብዙ፣ ማሳው ጠባብ፣ አፈሩም የሳሳ ነው። ገበሬው በዓመት አንድ ጊዜ የሚያገኛትን ገብስ፣ ስንዴ፣ ጤፍና ባቄላ በጎታ አኑሮ እስከሚመጣው መኸር መድረስ አለበት። አይጥ የምትበላው ጥቂት ቢመስልም በሽንቷና በኩሷ የምታበላሸው ከምትበላው አያንስም፤ የጎታውንም ሥር ትቦረቡራለች። መርዝ ለመግዛት ገንዘብ ያስፈልጋል። መርዙ ቢገኝም ልጅና ዶሮ ባለበት ቤት ያሰጋል፤ መርዝ የቀመሰችውን አይጥ የበላች ድመትም አብራ ልትሞት ትችላለች። ድመት ግን ፍርፋሪና አንድ ጉርሻ ወተት ተቀብላ ሌሊቱን ሙሉ ትጠብቃለች። ይህን የምታደርገውም በገበሬው ቤት ብቻ አይደለም። የብራና መጽሐፍ ከቆዳ የተሠራ ነውና አይጥ ይወደዋል፤ የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ጠባቂ አይጥ ሲበዛበት ምን እንደሚያስጨንቀው ለመረዳት ካህን መሆን አያስፈልግም።

ይህ የሰውና የድመት ስምምነት ከእህል ጋር የተወለደ ለመሆኑ የሊቃውንት ምርምርም ይመሰክራል። በቆጵሮስ ደሴት 9,500 ዓመት ያህል በሆነው መቃብር ውስጥ ሰውና ድመት ጎን ለጎን ተቀብረው የተገኙ መሆናቸው በ2004 እ.ኤ.አ. ታትሟል። በ2007 እ.ኤ.አ. የታተመ የዘር ምርመራ ደግሞ የዓለም የቤት ድመቶች ሁሉ በመካከለኛው ምሥራቅ ከነበረ የዱር ድመት የወረዱ መሆናቸውን አሳይቷል። ሰው ማረስና እህል ማከማቸት ሲጀምር አይጥ መጣ፤ አይጥ ሲመጣ ድመት ተከተለች። ውሻን ሰው ለአደን አለመደው፣ ፈረስንም ለመጋለብ አሠለጠነው፤ ድመት ግን ወደ ጎተራው በገዛ እግሯ የመጣች ናት። ስለዚህ የተራበ ሕዝብ በኖረበት አገር የእህል ዘበኛን መፈለግ ቅንጦት ነው የሚል ሰው ስለ ረኃብ ብዙ አንብቦ ስለ ጎታ ግን ምንም ያልጠየቀ ሰው ነው።

በዚህ ላይ የቅርቡን ዘመን እንጨምር። ሐምሌ 29 ቀን 2013 ዓ.ም. ላሊበላ በሕወሓት ኃይሎች እጅ በገባች ጊዜ ብዙ ሰው በእግሩ ቤቱን ጥሎ ወጥቷል፤ ጦርነቱም በከተማይቱ ዙሪያ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ ሲመላለስ ቆይቷል። ልጅ ያዘለች እናት ድመት ለመያዝ እጅ የላትም። ከስደት የሚመለስ ሰው በመጀመሪያ የሚያየው በሩ መቆሙን ነው፤ ቀጥሎ ጎታውን ይከፍታል፤ ከዚያም ድመቱን ይጣራል። ይህን ቅደም ተከተል በቅንጦት ስም የሚጠራ ሰው ካለ ከስደት ተመልሶ የማያውቅ መሆን አለበት።

በሌላው ዓለምም ቢሆን ችግር ያየ ሰው በዚህ ነገር አይስቅም። በ2015 እ.ኤ.አ. ከኢራቅ ከሞሱል የተሰደደ አንድ ቤተ ሰብ ኩንኩሽ የምትባል ነጭ ድመቱን በቅርጫት ይዞ ባሕር ተሻግሮ የግሪክ ደሴት በሆነችው በሌስቦስ ሲወርድ ድመቲቱ አምልጣ ጠፋችበት። ቤተ ሰቡ ፈልጎ ቢያጣት እያዘነ መንገዱን ቀጠለ። በደሴቲቱ የነበሩ በጎ ፈቃደኞች ድመቲቱን አገኟት፤ ባለቤቶቿንም አገር ለአገር እየጠየቁ ሲያፈላልጉ ከርመው በየካቲት ወር 2016 እ.ኤ.አ. በኖርዌይ አገር ለቤተ ሰቡ አስረከቧት። እነዚያ በጎ ፈቃደኞች በየቀኑ ከባሕር ሰው የሚያወጡ፣ ለተራበው ምግብ፣ ለበረደው ብርድ ልብስ የሚያድሉ ነበሩ። ሰው ለሰው ማዘኑ ለድመት በማዘኑ አልጎደለም። በአሜሪካም በ2005 እ.ኤ.አ. ካትሪና የተባለው ዐውሎ ነፋስ ኒው ኦርሊንስን ባጥለቀለቀ ጊዜ እንስሶቻችንን ጥለን አንወጣም ያሉ ብዙ ሰዎች ስለ ነበሩ፣ በሚመጣው ዓመት የአደጋ ጊዜ ዕቅድ የቤት እንስሶችንም እንዲጨምር የሚያዝ ሕግ ወጥቷል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ክርክር እንለፍ። «ሲርባት ትመጣለች» የሚለው ቃል በገዛ ቤቷ ለምትኖር ድመት እውነት ሊሆን ይችላል። ድመት አገሯን የምታውቀው በማሽተት ጭምር ነው፤ የበሩን መቃንና የአጥሩን ጥግ በጉንጯ እየታከከች ጠረኗን ታኖርበታለች፤ ያም ጠረን «ይህ ቤቴ ነው» ይላታል። ሦስት ሌሊት ብቻ ያደረችበት ቤት ግን ገና ቤቷ አልሆነም። ከእንዲህ ያለው ቤት የወጣች ድመት ከሁለት ነገር አንዱን ታደርጋለች፤ ወይ ወደ ቀድሞ ቤቷ ለመመለስ ትሞክራለች፣ ወይም በቅርብ ካገኘችው ጠባብ ሥፍራ ተወሽቃ ድምፅዋን ታጠፋለች። የፈራች ድመት የለመደችውን ሰው ጥሪ እየሰማች እንኳ ላትመልስ ትችላለች። ስለሆነም «ተጣራን፣ ዝም አለች፤ እንግዲያው በዚህ የለችም» ብሎ መደምደም ትክክል አይደለም።

ስለዚህ ነገር የተደረገ ጥናትም አለ። በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመው ይህ ጥናት ስለ 1,210 የጠፉ ድመቶች ባለቤቶቻቸውን ጠይቆ ነበር። ከድመቶቹ መካከል 34 በመቶው በመጀመሪያዎቹ ሰባት ቀኖች በሕይወት ተገኝተዋል፤ በአንድ ዓመት ውስጥ የተገኙት 61 በመቶ ናቸው። ከተገኙትም ውስጥ ሦስት አራተኛው የተገኙት ከጠፉበት ሥፍራ በ500 ሜትር ክልል ውስጥ ነው። ተነሥቶ በእግር ዞሮ መፈለግም ከሁሉ ይበልጥ የሚረዳ ዘዴ ሆኖ ተገኝቷል። እርግጥ ነው፣ ጥናቱ የላስታን ገበሬ አልጠየቀም፤ መጠይቁን በፈቃዳቸው የሞሉትን ሰዎች ቃል የያዘ ነው። ቢሆንም ሁለት ነገር ያስተምራል። አንደኛ፣ ዝም ብሎ መጠበቅ ፍለጋ አይደለም። ሁለተኛ፣ የመጀመሪያዎቹ ቀኖች ከኋለኞቹ ይልቅ የከበሩ ናቸው።

ላሊበላ ለእንግዳ ፈላጊ የምታስቸግር ከተማ ናት። ከዓለት የተፈለፈሉት 11 አብያተ ክርስቲያናት በቦይና በዋሻ የተያያዙ ናቸው፤ የቤተ ጊዮርጊስ ጉድጓድ ብቻ 12 ሜትር ያህል ይጠልቃል። ከየቤቱ አጠገብ የድንጋይ ካብ፣ የጭድ ክምር፣ የማገዶ ክምር አለ። የሰፈሩ ልጆች ድመት መጥፋቷን ሲሰሙ በደስታ ተሠማሩልን። አንዱ በቤተ ጊዮርጊስ አጠገብ አየኋት አለ፤ ሌላው በገበያው፤ ሦስተኛው ወደ አውሮፕላን ማረፊያ በሚወስደው መንገድ ላይ። ሁሉም ድመት ማየታቸው እውነት ነው፤ የእማማን እኅት ድመት ግን ያየ አልነበረም። በዚህ ጊዜ አከራያችን «ልጆቼ፣ የፈራ ነገር ሩቅ አይሄድም፤ ከእግራችሁ ሥር ፈልጉ» አሉን። እርሳቸው የ2018ቱን ጥናት አላነበቡም። ነገር ግን 1,210 ድመት ተቆጥሮ የተደረሰበትን ነገር ከደጃፋቸው ሳይነሡ ያውቁት ነበር። ምርምር ለመሥራት የሚሄድ ተማሪ ይህን ልብ እንዲለው እንፈልጋለን።

እንዳሉንም አደረግን። በቀን በየጎረቤቱ እየዞርን «እንደምን ዋላችሁ» ብለን ማድቤቱንና ጭዱን እንድናይ ፈቃድ ጠየቅን፤ ሲመሽ ባትሪ ይዘን እንደገና ዞርን። ባትሪን በዓይን ትክክል ይዞ በካቡ ቀዳዳ ሲያበሩ የድመት ዓይን ከሩቅ ይብለጨለጫል፤ ከዓይኗ በስተኋላ ብርሃንን የሚመልስ ሽፋን አላትና። በአራተኛው ሌሊት ሁለት ብርሃን ከጎረቤት ግቢ ካብ ውስጥ መለሰልን። ከበራችን እስከዚያ 40 እርምጃ ቢሆን ነው። ማንም አልሮጠም፣ ማንም እጁን አልሰደደም። የመጣችበትን ቅርጫት ከጥቂት ምግብ ጋር አጠገቧ አኑረን ራቅ ብለን ተቀመጥን፤ ሊነጋ ሲል ገባች።

እዚህ ላይ ልንመሰክረው የሚገባ አንድ ነገር አለ። በእነዚያ አራት ሌሊቶች ስድስት እንግዶች ባትሪ ይዘው በየሰው ደጃፍ ሲዞሩ አንድም ሰው አልሳቀብንም። ጦርነት ባለፈበት አገር፣ በጨለማ፣ ለማያውቁት ሰው በር መክፈት ቀላል ነገር አይደለም። ግን የጠፋ ከብት መፈለግ ምን እንደ ሆነ የሚያውቅ ሕዝብ ነው። በቀድሞው ዘመን ሌባ ሲጠፋ አገሬው አፈርሳታ ተቀምጦ ያጣራ ነበር፤ ለድመት አፈርሳታ ባይቀመጥም ሐሳቡ ያው ነው፤ የአንዱ ጥፋት የሰፈሩ ሁሉ ጉዳይ ነው የሚለው። ይህች ከተማ ራሷ ከቤተ መድኃኔ ዓለም የተሰረቀባትን አፍሮ አይገባ የተባለውን መስቀል በ1989 ዓ.ም. አጥታ በ1993 ዓ.ም. ከቤልጅግ አገር የተመለሰላት ከተማ ናት። ድመትን ከመስቀል ጋር እያወዳደርን አይደለም። የምንለው፣ የጠፋ ነገር እንዲመለስ ዓመታት ጠብቆ የሚያውቅ ሕዝብ በፈላጊ አይስቅም ነው።

ሦስተኛው ክርክር «ሌላ ድመት ብትተኩ ይበቃ ነበር» የሚለው ነው። ይህ ከሦስቱ ሁሉ ቀላል ይመስላል፤ በእኛ አስተያየት ግን ከሁሉ የከፋው ይህ ነው። አከራያችን የሰጡን ዕቃ ሳይሆን አደራ ነበር። አደራ በዋጋ አይተካም። ዋጋ የሚባል ነገር ቢኖር እንኳ ያች ድመት የእኅትዬውን ጎታ፣ የግቢውን አጥር፣ የጎረቤቱን ውሻ የምታውቅ፣ አይጥ መያዝ የተካነች ናት፤ ከመንገድ የተያዘች ግልገል ያን ሁሉ እስክትማር እህሉ ይበላል። ከዚህም በቀር የተበደረውን በመሰለው ነገር የሚተካ እንግዳ በሚቀጥለው ጊዜ ምን ያበድሩታል?

በዚህ ነገር ላስታ የቆየ ትዝታ አላት። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ጦር ከቀይ ባሕር ዳር ከዙላ ተነሥቶ፣ በአሸንጌ ሐይቅ በኩል የላስታንና የዋድላን ደጋ አቋርጦ ወደ መቅደላ ሲሄድ የዚያው ደጋ ሕዝብ አይቶታል። ከመቅደላም ከ300 የሚበልጡ የብራና መጻሕፍት ከሌላ ብዙ ዕቃ ጋር ተወስደዋል። ከጦርነቱ በኋላ አንዲት ድመት ደግሞ ከኢትዮጵያ ተወስዳ ወደ እንግሊዝ አገር ገብታለች፤ ጎርደን ስቴብልስ የተባለው ሰው በ1874 እ.ኤ.አ. ስለ ድመቶች ባሳተመው መጽሐፍ ሥዕሏ «ዙላ» ከሚል ስም ጋር ወጥቷል። በዓለም «የሐበሻ ድመት» እየተባለ የሚታወቀው ዝርያ ታሪክ ሲነገር በመጀመሪያ የምትጠራው እርሷ ናት። ስሟ እንኳ የወደቡ ስም ነው፤ የመንደሯ አይደለም። ዛሬ የዘር ምርመራ ያደረጉ ሊቃውንት የዚህ ዝርያ የቅርብ ዘመዶች በሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻና በደቡብ ምሥራቅ እስያ ያሉ ድመቶች እንደ ሆኑ ይናገራሉ፤ በኔዘርላንድ በላይደን ሙዚየም የሚገኘውና ከጦርነቱ 30 ዓመት ያህል ቀድሞ የተገዛው ተመሳሳይ ድመት ቆዳም አገሩ ሕንድ እንደ ሆነ ተጽፎበታል። እንግዲህ የእኛን ስም የያዘችው ድመት የእኛ ላትሆን ትችላለች። ከእኛ የተወሰደችዪቱ ደግሞ የማን ቤት ድመት እንደ ነበረች መዝገብ የለም።

ይህን ያነሣነው በፈረንጅ ለመፍረድ አይደለም፤ ለእኛ ለራሳችን ነው። ወደ ላስታ የሚወጣ ተማሪ ሁሉ የሚወስደው ነገር አለ። በ1957 ዓ.ም. የዩኒቬርሲቲ አገልግሎት የሚባለው ሥራ በተጀመረ ጊዜ ተማሪዎች አንድ ዓመት ሙሉ በየጠቅላይ ግዛቱ ወጥተው ሲያስተምሩ፣ የወሰዱትን ያህል የመስጠት ዕድል ነበራቸው። ዛሬ የምንሄደው ለሁለት ወር፣ ለሦስት ወር፣ መጠይቅ ይዘን ነው። ገበሬው ስንት ጥማድ እንዳለው፣ ስንት ልጅ እንደ ሞተበት፣ በክፉው ዘመን ምን እንደ በላ እንጠይቀዋለን። እርሱም ሥራውን ትቶ፣ ቡና አፍልቶ ይነግረናል። እኛ በዚያ ላይ ማዕረግ እንቀበልበታለን። እርሱ ያን ጽሑፍ አያነበውም፤ በማያውቀው ቋንቋ ተጽፎ በማያየው መደርደሪያ ላይ ይቀመጣልና። ታዲያ ስለ ተማረ ሰው የሚፈርደው በምን ይመስላችኋል? በትንንሹ ነገር ነው። የተዋሰውን ድስት መለሰ ወይስ አልመለሰም? የወሩን ኪራይ ከፈለ ወይስ አልከፈለም? ድመቲቱን አምጥቶ አስረከበ ወይስ «ጠፋች» ብሎ አውቶቡስ ተሳፈረ?

«ለድመት ይህን ያህል!» የሚለን ጓደኛችን ይህን ያስብልን። ለሕዝብ እንቆማለን ማለት በስብሰባ አዳራሽ ቀላል ነው፤ እዚያ ሕዝቡ ሩቅ ነውና አደራ አይሰጥም። አጠገባችን ሲሆን ግን ሕዝብ ማለት አንዲት አከራይና ገጠር ያለች እኅቷ፣ ሕዝብ ማለት አንድ ጎታ ገብስ ነው። ለዚያ ያልቆመ ሰው ለትልቁ ይቆማል ብለን ለማመን ያስቸግረናል።

እንግዲህ ሳቁን ወደ ሥራ ለመለወጥ ለማኅበራችን ሦስት ነገር እናሳስባለን።

አንደኛ፣ ለመስክ ሥራ የሚወጣ ቡድን ሁሉ ከሰው የተዋሰውን ነገር የሚጽፍበት አንድ ደብተር ይኑረው፤ ድስትም ቢሆን፣ ጀሪካንም ቢሆን፣ ድመትም ብትሆን። ደብተሩ ሳይዘጋ ማንም አይሳፈር።

ሁለተኛ፣ ጥናቱ ካለቀ በኋላ ፍሬ ነገሩ በጥቂት ገጽ በአማርኛ ተጽፎ ቃላቸውን ለሰጡት ሰዎች ይላክ፤ ማንበብ ለማይችሉትም የሚያነብላቸው ይፈለግ። የተወሰደ ቃልም አደራ ነው።

ሦስተኛ፣ አይጥ ባለበት ቤት ድመት የሚዋስ ቡድን የሚከተለውን ይወቅ። አዲስ የመጣች ድመት ቢቻል ሁለት ሳምንት ያህል በአንድ ክፍል ተዘግታ ትቆይ፤ የመጣችበት ቅርጫትም ከአጠገቧ አይራቅ። ብትጠፋ በዚያው ቀን ፍለጋው ይጀመር፤ ከቅርብ ወደ ሩቅ፣ ከታች ወደ ላይ፣ ለጎረቤት ሁሉ እየተናገሩ። የመጣችበት መንደር የእግር መንገድ ከሆነ ለዚያም ይላክ። ስትገኝ በባዶ እጅ አትያዝ። የእብድ ውሻ በሽታ የሚባለው በድመት ንክሻም ይተላለፋል፤ የተነከሰ ወይም የተቧጨረ ሰው ቁስሉን በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ያህል አጥቦ ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። በዚህ ጉዳይ «ትንሽ ናት» ብሎ መቀለድ ሕይወት ያስከፍላል።

ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላ የሚስቅ ቢኖር ይሳቅ። እኛም ከላሊበላ የተመለስነው ሁለት መቶ መጠይቅ ሞልተን ነው፤ ሥራው በድመቲቱ ምክንያት አንድ ገጽ አልጎደለበትም። እንዲያውም ከአራተኛው ሌሊት በኋላ በሰፈሩ ውስጥ ለጥያቄያችን በሩን የዘጋብን ቤት አልነበረም። አደራ የሚመልስ ሰው ጥያቄ ቢጠይቅ ይመለስለታል፤ የማይመልስ ግን የሰባ መጠይቅ ቢይዝም የሚያገኘው የጨዋ ሰው ዝምታ ብቻ ነው። በሚመጣው ዓመት ወደ ላስታ የሚወጡ ወንድሞችና እኅቶች የሚጠብቃቸው በር ክፍት ሆኖ ይጠብቃቸው ዘንድ፣ የዘንድሮዎቹ የተዋሱትን መልሰው ይምጡ እንላለን።